ዋጋ አልባ

ሦስተኛ «ለ» ክፍል፣ ጠመኔ እየሸተተን፣
ፋኖሱን ከበብነው፣ አምስት ሰዎች ሆነን።
ውጭው ጉም ነው፣ ከጓሳ የወረደ፣
እንደ እርጥብ ባና ጣሪያው ላይ የከበደ።
የሰኔ ብርድ፣ የመሐል ሜዳ ብርድ፣
አጥንት የሚፈትሽ፣ ይግባኝ የማይወስድ።

ሳጥኑን ከፈትነው፤ ማኅተሙ ጮኸብን፣
ወረቀቱ ፈሰሰ ከጠረጴዛችን።
አንዱን አነሣለሁ፣ ወደ መብራት አስጠጋለሁ፣
«መሰላል» እላለሁ፤ «ቁልፍ» እላለሁ፤
ደምሰው ይጽፋል፤ አራት ቁም፣ አንድ ጋድም፣
አራት ቁም፣ አንድ ጋድም፣
ጣቱ በብርድ ደርቋል፣ እሱ ግን አይቆምም።
ሁለቱ ታዛቢ፣ አንገት አስግገው፣
የየራሳቸውን እየቆጠሩ ነው።

ሦስት መቶ አሥራ ሰባት ብዬ ሳነሣት፣
የምጠራው ጠፋኝ። ምልክት የለባት።
ካሬውን ሁሉ ትታ፣ ጣት ማሳረፊያውን ትታ፣
ከግርጌ ባዶው ላይ፣ እስክሪብቶ ተጭና፣ ተግታ፣
ሁለት ቋሚ ሥላለች፣ ከላይ አንድ አግዳሚ፣
ከሥር ጠማማ መስመር፣ ሦስቴ ተደጋጋሚ።
ከጠማማው መሐል፣ እንደ ምስማር ተተክሎ፣
አንድ ቀጭን ሰው አለ፣ ሁለት እጁን ሰቅሎ።

ድልድይ ነው።
ፋኖሱ ብቻ ነበር የሚተነፍሰው።

«የእኛ ነው!» አለ የቁልፉ ታዛቢ፣ «እዩት እስኪ ጫፉን፣
አግዳሚው ሲወርድ ይነካል ካሬያችንን።»
«ኧረ ወዲያ!» አለ የመሰላሉ ሰው፣
«ድልድይ እኮ የተኛ መሰላል ነው።»
ሳቅን። ወዲያው ደግሞ ሁላችን አፈርን።

የማን እንደሆነች አልናገርም፤ ድምፅ ምስጢር ነው።
ጧት ያየሁት ግን ሌላ ነው፤ እሱን ላውጋው።

እማማ የሻረግ፣ ከአዳባይ ማዶ፣ ከቆላው ተነሥታ፣
ትናንት ነው የወጣች፣ ዳገቱን በምርኩዝ ስትቧጥጥ አምሽታ።
በር ላይ ስትደርስ የቀሚሷ ጠርዝ እስከ ጉልበት ርሶ፣
«ውኃው መጥቷል» አለች፣ ድምጿ በብርድ ተበጣጥሶ።
ካርዷን ካንገቷ ፈታች፣ እንደ ክታብ የተሰፋ፣
ጣቷን ቀለም ብነክር፣ በስንጥቁ ገብቶ ጠፋ።
ሱፍ ሲፈትል የኖረ ጣት፣ ምን ያትምበታል ቀለም?
«ይያዝ አይያዝ» አለችኝ፣ «እኔ ለጣቴ አልመጣሁም።»

አምና ነሐሴ ላይ ምራቷን ምጥ ይዟት፣
ቃሬዛው ወንዝ ዳር አደረ። ወንዙ አላሳልፍ አላት።
ሲነጋ ቃሬዛው ተመለሰ፤ ጩኸት አልነበረበት።

ሥነ ዜጋ ሳስተምር፣ «ሰው ለምን ይመርጣል?» ቢለኝ አንድ ልጅ፣
ሰሌዳ ሙሉ ጻፍኩለት፤ መልሱ ግን ቆሞ ኖሯል በደጅ።
ወንዙን ተሻገረች፣ ስለ ወንዙ ልትናገር።
ይኸው ነው። እኔ ሌላ አላውቅም ነገር።

አንተ ግን፣ መሰላል ሁን ቁልፍ፣ ገና ቆጠራ ላይ ነህ፣
ነገ በር ላይ ሲለጠፍ፣ ሲነበብ ስምህ፣
የመረጡህን ብቻ አትቁጠር፤ ያንንማ ሁሉም ይቆጥራል፣
አጨብጫቢ ይቆጥራል፣ ደላላ ይቆጥራል።
ዋጋ አልባውን አስመጣ፤ ፖስታውን በእጅህ ቅደድ፣
ከዚያ በሐምሌ ና፤ ቁልቁል በእግርህ ውረድ።
የመሠረት ድንጋይ አታምጣ፤ እኛ ድንጋይ አላጣንም፣
አጥራችን ድንጋይ ነው፤ ሪባን ግን አላሰርንበትም።
ግባ ወደ ውኃው። ደረትህ ጋ ሲደርስ፣
ያኔ ጀምር ንግግርህን፤ ቃልህን ያኔ አድስ።
የሚያጥር ይመስለኛል።

መመሪያው ግልጽ ነበር፤ ማንም አልተከራከረኝ።
«ዋጋ አልባ፣ አንድ» ስል እስክሪብቶው በብርድ ከዳኝ፤
ሁለተኛ ጻፍኩት፤ የመጀመሪያው አልታይ አለኝ።

ሲነጋ በር ላይ ለጠፍነው፤ ጉሙ ያርሰው ገባ፣
እማማ የሻረግም፣ ደጀሰላም አድራ፣ ልትሄድ ስትል ቀርባ፣
(ማንበብ አትችልም) ቁጥሩን በምርኩዟ ጫፍ ጠቁማ፣
«የኔም ተቆጠረ?» አለች። «ተቆጥሯል» አልኳት፣ «እማማ።»

እውነት ነው፤ ተቆጥሯል።
ምርኩዟን አስቀድማ ወረደች። ውኃው ሌሊቱን ጨምሯል።